ስሙ የብዙ ሰው ነው፣ ዶት ኮሙ ግን አንድ ብቻ

ሀዋሳ ውስጥ ቡና እየቆላ በፓኬት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እናስብ። የምርቱን ስም ለምሳሌ ያህል «ሐይቅ ማዶ» እንበለው። ንግድ ፈቃድ አውጥቷል። ስሙን ፓኬቱ ላይ አሳትሟል። ቴሌግራም ላይ ይሸጣል፤ ደንበኛው ከሠፈሩ ከአቶቴ አልፎ አዲስ አበባ ደርሷል። ውጭ ያሉ ዘመዶቹ «ዌብሳይት ብትከፍት እኛም እንገዛሃለን» ይሉታል። እሺ ብሎ ሊያሠራ ሲነሳ የስሙ ዶት ኮም ተይዟል። ገጹን ሲከፍተው ቡና የሚባል ነገር የለበትም። «ይህ አድራሻ ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ 3,000 ዶላር የሚል ዋጋ።

እንዲህ ሲሆን የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ቃል «ስሜን ሰረቁኝ» ነው። ንዴቱ ይገባኛል፤ ስም ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል። ሕጉ ግን ከንዴቱ በፊት አንድ ጥያቄ ያነሳል። ስሙ የእርስዎ ስለመሆኑ የትኛውን ወረቀት ያሳያሉ? እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ይደናገራል። ስም የሚመዘገብባቸው መዝገቦች ሦስት ናቸውና፤ አንዱ መዝገብ ሌላውን አያየውም።

አንደኛው የንግድ ስም ነው። ድርጅቱ ራሱ የሚጠራበት፣ ንግድ ምዝገባ ሲያወጡ የሚያስገቡት ስም። ይህ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ቢሮ በኩል ያልቃል። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው። ዕቃዎ ወይም አገልግሎትዎ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅበት ቃል፣ ዓርማ ወይም የሁለቱ ቅንብር ማለት ነው። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፤ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ሦስተኛው ዶሜይን ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ ጽፎ ወደ እርስዎ ገጽ የሚመጣበት አድራሻ። ይህንን የሚሸጡት ሬጅስትራር የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። አብዛኞቹ ያሉት ከአገር ውጭ ነው።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ስለዚህ ስሙ የኔ ነው» የሚለው አባባል ገበያው ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ከሁሉም በላይ ሰውን የሚጎዳውም ይኸው ነው። በአዋጅ 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤት የሚኮነው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ንግድ ፈቃዱ ለመሥራት ይፈቅዳል፤ ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም ሌላው እንዳይጠቀምበት ለመከልከል ግን የምልክቱ ወረቀት ያስፈልጋል። ዶሜይን መግዛትም እንዲሁ ነው። ዶት ኮሙን የያዘ ሰው አድራሻውን ያዘ እንጂ የስሙ ባለመብት አልሆነም። እንዲያውም ዶሜይን «ገዛሁ» እንላለን እንጂ ነገሩ እንደ ሱቅ ኪራይ ነው። ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ዶት ኮም ከሆነ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ። ካላደሱ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ዶሜይን ሲመዘገብ ማንም «ይህ ስም የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አድራሻው ክፍት ከሆነና ገንዘቡ ከተከፈለ የቀደመ ሰው ይወስደዋል። ሲስተሙ የተሠራው ለፍጥነት ነው። የንግድ ምልክት በተቃራኒው ይመረመራል፤ ከዚያም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ለተቃውሞ 60 ቀን ይሰጣል። አንዱ በደቂቃ የሚያልቅ፣ ሌላው ወራት የሚወስድ። ክፍተቱ እዚህ ነው።

ሁለት ባለመብት፣ አንድ አድራሻ

ጠቡ ሁልጊዜ በሌባና በባለቤት መካከል አይደለም። አንዳንዴ ሁለቱም ወገን ትክክል ነው።

የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በምድብ ነው። ዓለም አቀፉ አመዳደብ ዕቃዎችንና አገልግሎቶችን በ45 ምድብ ይከፍላቸዋል። ቡና 30ኛው ውስጥ ነው፣ ልብስ 25ኛው፣ ሆቴልና ምግብ ቤት 43ኛው። ስለዚህ «ሐይቅ ማዶ» ቡና፣ «ሐይቅ ማዶ» ፔንሲዮንና «ሐይቅ ማዶ» ልብስ ስፌት ሦስት የማይተዋወቁ ባለቤቶች ኖሯቸው በሰላም ሊሠሩ ይችላሉ። የፔንሲዮኑ እንግዳ ከቡናው ጋር አይምታታበትም። ሕጉ ለሦስቱም ቦታ አለው። ዶት ኮሙ ግን አንድ ነው። ሦስቱ ሕጋዊ ባለቤቶች አንድ በር ላይ ይጋፋሉ።

የዚህ ዓይነት ጠብ ትልቁ ምሳሌ የኒሳን ጉዳይ ነው። ዑዚ ኒሳን የሚባል በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚኖር ነጋዴ ነበር። ኒሳን የአባቱ የቤተሰብ ስም ነው። ኮምፒዩተር ይሸጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1994 በስሙ ዶት ኮም አስመዘገበ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ገና እያቆጠቆጠ ነበር፤ መኪና አምራቹ ኒሳን አድራሻውን አልያዘውም። በ1999 ግዙፉ ኩባንያ ከሰሰው፤ 10 ሚሊዮን ዶላርም ጠየቀ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ነጋዴው አድራሻውን ይዞ ቀረ፤ በራሱ ስም፣ ከመኪና በተለየ ሥራ፣ ቀድሞ ይጠቀምበት ነበርና። የተከለከለው ገጹ ላይ ከመኪና ጋር የተያያዘ ማስታወቂያ ማውጣት ነበር። እስከ ሕልፈቱ 2020 ድረስ አድራሻው በእጁ ቆየ። ማሸነፉ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። የጠበቃው ወጪ የአንድን አነስተኛ ነጋዴ ኪስ የሚያራቁት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አድራሻውን የያዘው ሰው ማን እንደሆነና ምን እየሠራበት እንደሆነ ማወቅ ነው። በራሱ ስም በሐቅ የሚሠራ ሰው ከሆነ መክሰሱ ገንዘብ መጨረስ ነው።

ያለ ፍርድ ቤት የሚፈታበት መንገድ

የዶት ኮም፣ የዶት ኔት፣ የዶት ኦርግና የመሳሰሉት አድራሻዎች ሥርዓት የሚመራው አይካን በሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ወጥ የአለመግባባት መፍቻ ደንብ አወጣ። በአጭሩ ዩዲአርፒ ይባላል። ኃይሉ ከምን ይመጣል ቢሉ፣ ዶት ኮም የሚመዘግብ ሰው ሁሉ፣ ሳያነበው «እስማማለሁ» ብሎ የሚጫነው ውል ውስጥ ይህ ደንብ አለ። ስለዚህ ያዡ ሻንጋይም ይኑር ፍሎሪዳ፣ ሬጅስትራሩ ውሳኔውን ይፈጽማል። የሀዋሳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ላይ ማስፈጸም ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉዳዮቹን ከሚያዩት ተቋማት ዋናው መቀመጫው ጄኔቫ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ ነው። በ2023 ብቻ ከ6,000 በላይ ጉዳይ ቀርቦለታል። ጄኔቫ መሄድ አያስፈልግም። ሁሉም በኢሜይልና በሰነድ ያልቃል። ቋንቋው ዶሜይኑ የተመዘገበበት ውል ቋንቋ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ። አንድ ዳኛ ለሚያየው፣ እስከ 5 ዶሜይን ላለው ጉዳይ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። ሦስት ዳኞች ይሁኑልኝ ካሉ 4,000 ይደርሳል። የጠበቃ ሒሳብ ከዚህ ውጭ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍያ የተተመነው የእኛን ነጋዴ አስቦ አይደለም። ለትልቅ ኩባንያ ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ነው። ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ሰው ግን በዛሬው ምንዛሪ የአንድ ማሽን ዋጋ ነው። ይህ የሥርዓቱ ከባድ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። መብት ያለው ሰው መብቱን ለማስከበር አቅም ካጣ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከሳሹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፣ ሦስቱንም። አንዱ ከጎደለ ይሸነፋል። ዶሜይኑ እሱ መብት ካለው ምልክት ጋር አንድ ነው ወይም በሚያምታታ ሁኔታ ይመሳሰላል? ይህ ቀላሉ ነው፤ ዳኛው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ቀጥሎ፣ ያዡ በስሙ ላይ የራሱ መብት ወይም በቂ ምክንያት የለውም? በስሙ የሚታወቅ ሰው ወይም ጠቡ ሳይነሳ በፊት በሐቅ ይነግድበት የነበረ ሰው እዚህ ላይ ያመልጣል። ሦስተኛውና ከባዱ ክፉ እምነት ነው። ሰውየው አድራሻውን ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ እምነት መሆን አለበት።

ክፉ እምነት የልብ ነገር ነው፤ የሚታየው በድርጊት ነው። ለባለ ምልክቱ ወይም ለተፎካካሪው በውድ ለመሸጥ ብሎ መያዝ አንዱ ነው። የመጀመሪያው የዋይፖ ጉዳይ እንዲህ ያለ ነበር። አንድ ሰው የአሜሪካውን የትግል ትርዒት ድርጅት ሙሉ ስም ዶት ኮም አድርጎ አስመዘገበ። በሦስተኛው ቀን ለድርጅቱ ጽፎ በ1,000 ዶላር ልሽጥላችሁ አለ። በጥር 2000 ተፈረደበት፤ አድራሻው ለድርጅቱ ተላለፈ። ሌላው የተፎካካሪን ሥራ ለማወክ መያዝ ነው። ሌላው ደግሞ ደንበኛው ተምታትቶ እንዲገባ አድርጎ ማስታወቂያ መሸጥ። አንዲት ፊደል አሳስቶ የታወቀ ስም መያዝም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሰው በችኮላ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ስህተቱን የሚጠብቅ ገጽ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል።

«ምንም አልሠራሁበትም፣ ባዶ ነው» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። የአውስትራሊያው ቴሌስትራ ባቀረበው የ2000 ጉዳይ ዳኛው አንድ ትልቅ ነገር ወስኗል። ምልክቱ በጣም የታወቀ ከሆነና ያዡ ማንነቱን ከደበቀ፣ ዝም ብሎ ይዞ መቀመጡ ራሱ ክፉ አጠቃቀም ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ሁሉም ዝነኛ ግን አያሸንፍም። በዚያው በ2000 ዘፋኟ ማዶና ስሟን አስመልሳለች። ዘፋኙ ስቲንግ ግን ተሸንፏል። የመድረክ ስሙ በእንግሊዝኛ ተራ ቃል ነው፤ ያዡም በጨዋታ ድረ ገጾች ላይ ቅጽል ስሙ አድርጎ ይጠቀምበት ነበር። ክፉ እምነት አልታየበትም። ይህ ለእኛም ትልቅ ትምህርት አለው። «ሐይቅ»፣ «ቡና»፣ «ሀዋሳ»፣ «ታቦር» የሚሉ ቃላትን ማንም ብቻውን አጥሮ ሊይዛቸው አይችልም። ሰው ከቦታ ስምና ከተራ ቃል ብቻ የንግድ ስም ሲያወጣ ከመነሻው ደካማ አጥር ይዞ ይነሳል። የራሱ የሆነ፣ ያልተለመደ ቃል የመረጠ ሰው ብዙ ጣጣ ያመልጣል።

ወደ ቡና ነጋዴው እንመለስ። ወሳኙ ቀን ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበው እሱ ስሙን ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ጉዳዩ ሞቷል ማለት ይቻላል። ያልነበረን ምልክት በክፉ እምነት ማሰብ አይቻልምና። ቀኑን ማንም ሰው በነፃ መፈለጊያ ገጾች ላይ ማየት ይችላል። የባለቤቱ ስም በአብዛኛው ተደብቋል፤ ቀኑ ግን ይታያል። አድራሻው የተያዘው ቡናው ከታወቀ በኋላ ከሆነ፣ ያዡም ራሱ ጽፎ «ግዛኝ» ካለው ነገሩ ይቀየራል። ያቺ መልእክት መጥፋት የለባትም። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ተናዶ ይሰድብና ይሰርዛታል። ዋናዋ ማስረጃ እሷ ነበረች።

ያልተመዘገበ ምልክት ይዞ ዩዲአርፒ ጋ መሄድ ይቻል ይሆን? በመርህ ደረጃ በር አለው። ነገር ግን ስሙ በሕዝብ ዘንድ የእርስዎ ምርት መለያ ሆኖ እንደታወቀ በሽያጭ ሰነድ፣ በማስታወቂያ፣ በዜና ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ገጽ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ምዝገባው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

በዩዲአርፒ የሚገኘው ነገርም ውስን ነው። ዶሜይኑ ይተላለፍልዎታል ወይም ይሰረዛል። ካሳ የለም። ካሳ የሚፈልግ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ዶት ኢቲ ከሆነስ?

ይህ ደንብ የአገር መለያ ያላቸውን አድራሻዎች በራሱ አይገዛም። የሚሠራው አገሩ ከተቀበለው ብቻ ነው። የኛው ዶት ኢቲና ዶት ኮም ዶት ኢቲ የሚመዘገቡት በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። እዚህ ላይ ጠብ ከተነሳ መከራከሪያው የአገራችን ሕግ ነው።

ያለን መሣሪያ ባዶ አይደለም። የተመዘገበ ምልክት ያለው ሰው በአዋጅ 501/1998 ሌላው እንዳይጠቀምበት ማሳገድና ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ ሆን ብሎ የጣሰ የወንጀል ተጠያቂነትም አለበት። ምልክቱ ያልተመዘገበ ቢሆን እንኳ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከሌላ ነጋዴ ድርጅት ወይም ምርት ጋር የሚያምታታ ተግባርን ያልተገባ ውድድር ብሎ ይከለክላል። የባንክ ወይም የሱቅ ገጽ አስመስሎ ገንዘብ የሚዘርፍ ከሆነ ነገሩ ከንግድ ጠብ ያልፋል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለና ለፖሊስ ማመልከት ነው።

ምልክቱ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ለ3 ዓመት ያለ በቂ ምክንያት ሳይጠቀሙበት ከቀሩ ሌላ ሰው ያሰርዝብኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አስመዝግቦ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አያዋጣም።

የፊደል ጣጣ

የእኛን ነጋዴ የሚያስቸግር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስማችን በግዕዝ ፊደል ነው፤ አድራሻው ግን በላቲን። ሀዋሳን ራሷን ውሰዱ። አንዱ በኤች ይጀምራል፣ አንዱ ኤችን ትቶ በኤ። አንዱ ኤስን ይደግማል፣ ሌላው አንድ ይበቃል ይላል። ከአንድ ከተማ ስም አራት አጻጻፍ ወጣ። «ሐይቅ» የሚለውን ደግሞ በአይ ወይም በዋይ፣ መጨረሻውን በኬ ወይም በኪው መጻፍ ይቻላል። ሁሉም ለአንባቢው ያው ሐይቅ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ሌላ አድራሻ ነው፤ እያንዳንዱን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል።

መፍትሔው ሁሉንም መግዛት አይደለም፤ ማለቂያ የለውም። ደንበኞችዎ በብዛት የሚጽፉትን አንድ አጻጻፍ ይምረጡ። ፓኬቱም፣ ደረሰኙም፣ የቴሌግራሙም ስም በዚያው ይጻፍ። ሲቻል አንድ ሁለት ተቀራራቢ አጻጻፍ ይጨመር። የንግድ ምልክት ሲያመለክቱም የግዕዙንና የላቲኑን አጻጻፍ አብረው ያስገቡ። የዩዲአርፒ ዳኞች በሌላ ፊደል የተጻፈን ያንኑ ስም ብዙ ጊዜ እንደ ተመሳሳይ ያዩታል። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ክርክር ያጥራል።

በነገራችን ላይ የግዕዝ ፊደል ራሱ የዶሜይን ፊደል እንዲሆን በአይካን ሥር የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሠርተውበታል። ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ ሀ፣ ሐ እና ኀ ነበሩ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ተለይተው ቢመዘገቡ አጭበርባሪ ሲሳይ ይሆንለታልና፣ እንደ ተለዋጭ እንዲታዩ ሐሳብ አቅርበዋል። ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ከሲዳማ ቡና የተማርነው

ሀዋሳ ላይ ስለ ስም ሲወራ ሲዳሞን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ግን ከዚያ በፊት፣ በ2004፣ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ምርት ስም አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ። ጉዳዩ የዓለም ዜና ሆነ። ስታርባክስ ማመልከቻውን ተወ፤ በ2007ም ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ኢትዮጵያም ስሞቹን ያለ ክፍያ፣ ግን በፈቃድ፣ እንዲጠቀሙባቸው የማድረጉን መንገድ ያዘች።

ይህ የዶሜይን ጉዳይ አልነበረም። አመክንዮው ግን ያው ነው። ቡናው የበቀለበት ምድር ሲዳማ መሆኑን ማንም አልካደም። ጥያቄው ወረቀቱን ማን ቀድሞ አስገባ፣ ቃሉስ የአንድ ወገን ምልክት መሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር። መንግሥት የሚያክል ነገር እዚያ ድረስ ሄዶ ከታገለ፣ አንድ ነጋዴ «ሁሉም ያውቀኛል» ብሎ መቀመጥ የለበትም።

ሠሪው ልጅና ይለፍ ቃሉ

ከውጭ ስም አዳኞች ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዶሜይን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ካርድ ነው፤ አብዛኛው ነጋዴ ካርዱ የለውም። ስለዚህ ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ በራሱ ወይም በውጭ ባለ ጓደኛው ካርድ ይከፍላል። አካውንቱ በእሱ ኢሜይል ይከፈታል። የባለቤቱ ስም በሚለው ቦታ የእሱ ስም ይገባል። ክፋት የለበትም፤ ሥራ ማቅለል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልጁ ውጭ ይሄዳል፣ ወይም በሒሳብ ይጣላሉ፣ ወይም ስልኩን ይቀይራል። ያን ጊዜ የድርጅቱ በር ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ይታወቃል።

ይህ ጠብ ዩዲአርፒ ላይ ሲቀርብ ዳኞች ብዙ ጊዜ «ይህ የውል ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» ይላሉ። ልጁ ሲያስመዘግብ በእርስዎ ፈቃድ ነበርና ክፉ እምነቱን ማሳየት ይከብዳል።

ስለዚህ ሥራው ሲጀመር በአንድ ገጽ ወረቀት ይስማሙ፤ ዶሜይኑ የድርጅቱ ነው ተብሎ ይጻፍ። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፤ የግለሰብ ኢሜይል አይሁን። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣበት ስልክ የባለቤቱ ይሁን። ካርድ ከሌለዎት በብር የሚያስመዘግቡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ጋም ቢሆን ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ስም የማን እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ። ልጁ መልካም ሰው ነው ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም። መልካም ሰውም ይታመማል፣ አገር ይለቃል።

የማደሻ ቀኑም እንዲሁ። ዶት ኮም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። እንደ ሬጅስትራሩ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ለ30 ቀን በውድ ዋጋ የማስመለሻ ጊዜ አለ። ከዚያም 5 ቀን ጠብቆ ለማንም ክፍት ይሆናል። ለዚያች ደቂቃ የሚጠባበቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰው እስኪነቃ አይጠብቁም። ሲቻል ለብዙ ዓመት አንዴ መክፈል ይሻላል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ያሉ ስሞች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። እነሱን ዩዲአርፒ አያያቸውም፤ እያንዳንዱ መድረክ የራሱ የአቤቱታ ቅጽ አለው። እዚያም ግን የሚጠየቀው የምልክት ምዝገባ ቁጥር ነው።

ጠቡ ከተነሳ

አድራሻው በሌላ ሰው ከተያዘ ቶሎ አይጻፉለት። መጀመሪያ ገጹን ፎቶ ያንሱ፣ ቀኑን ያስቀምጡ፣ የተመዘገበበትን ቀን ይፈልጉ። ከዚያ ይመዝኑ። ያዡ በራሱ ሥራ ላይ ከሆነ «ቡና» ወይም «ሀዋሳ» የሚል ቃል ጨምሮ ሌላ አድራሻ መያዝ ወይም ዶት ኢቲን መጠቀም ከክስ ይሻላል። ያዡ አድራሻ ሻጭ ከሆነና ዋጋው የሚቻል ከሆነ መደራደርም ነውር የለውም፤ ብሩ ግን አድራሻው እስኪተላለፍ ገንዘቡን በሚይዝ አደራ ያዥ በኩል እንጂ በቀጥታ አይላክ። ለመርህ ብሎ ከዋጋው በላይ ለክርክር ማውጣት እኔ ለማንም አልመክርም።

ተገላቢጦሹም አለ። አንድ ቀን ኢሜይልዎ ውስጥ «አድራሻዎ ምልክታችንን ይጥሳል» የሚል የውጭ ኩባንያ ደብዳቤ ሊገባ ይችላል። ትልቅ ስም ስላለው ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቀድመው በሐቅ የሚጠቀሙበትን አድራሻ ለመንጠቅ ብሎ ክስ ማቅረብ በደንቡ ራሱ የተወገዘ ነው፤ ዳኞችም ይህንን በውሳኔያቸው ላይ ይጽፉታል። ከዋይፖ የሚመጣ ክስ ከሆነ ግን ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። መልስ ለመስጠት ያለዎት 20 ቀን ነው። ማስታወቂያው የሚላከው ዶሜይኑ ሲመዘገብ በገባው ኢሜይል ነው። መልስ ካልተሰጠ ዳኛው በከሳሹ ሰነድ ብቻ ይወስናል። መልስ መስጠት ለአንድ ዳኛ ጉዳይ ክፍያ የለውም። የንግድ ፈቃድዎን፣ የመጀመሪያ ደረሰኞችዎን፣ የድሮ ፓኬትዎን ፎቶ አያይዘው ስሙን ከመቼ ጀምሮ ለምን እንደተጠቀሙበት በቀላል ቋንቋ ይጻፉ። ቢሸነፉም ውሳኔው ወዲያው አይፈጸምም፤ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ክስ ከፍተው ለሬጅስትራሩ ካሳወቁ ዝውውሩ ይቆማል።